የአባባ ኮሮላ ሙቀት፦ ከክዳን እስከ ፓምፕ የሠራሁት፣ እያደር የተጻፈ

መስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ

መኪናዋ የ1998 እ.ኤ.አ. ስሪት ኮሮላ ናት፣ ኤኢ111 የሚባለው ቦዲ፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ 1.6፣ ካምቢዮዋ ማንዋል። ለብዙ ዓመት አባባ ነው የነዳት፣ አሁን እኔ ጋ መጥታለች። ቦሎ ከማውጣቴ በፊት ማስተካከል ምፈልገው አንድ ነገር አለ እሱም ሙቀት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ለቀቅ ብላ ስትሄድ ጌጁ ታች ነው ሚቀረው፣ መገናኛ ወይ ሜክሲኮ ጋ መጨናነቅ ውስጥ ስትገባ ግን ቀስ እያለ ይወጣና ግማሹን ያልፋል፣ ቆም ሳደርጋት ደሞ ትርፍ ውሃ መያዣው ፕላስቲክ ውስጥ ሲንተከተክ ይሰማል። እና ውሃ ትጨርሳለች። ኋላ ወንበር ስር ሃይላንድ ውሃ ይዞ መሄድ የቤቱ ልማድ ሆኖ ቆይቷል።

ዛሬ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ እያለ ኮፈን ከፍቼ ያየሁትን ልጻፍ። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ቡናማ ነው፣ ዝገት። ክዳኑ ስር ያለው ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉን በጣት ስጫነው ምንም ሳይታገል ገባ። የላይኛው ጎማ፣ ከሞተሩ ወደ ራዲያተር ውሃ ሚወስደው ቱቦ ማለቴ ነው፣ ደርቆ ሲጫኑት አይመለስም። ውሃ ፓምፑ ስር የደረቀ የውሃ መስመር አለ፣ ነጭና ቀይ። የዘይት መለኪያውን አውጥቼ አየሁ፣ ዘይቱ ውሃ አልገባበትም፣ የዘይት መሙያ ክዳኑ ስርም ወተት የመሰለ ነገር የለም፣ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ አትለቅም፣ ክዳኑን ከፍቼ ሳስነሳት ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አይወጣም። ስለዚ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) እስካሁን ደህና ነው ብዬ ነው ምጀምረው። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ምክንያቱም 4ኤ ላይ ብሎኩ ብረት ነው ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ክፉኛ ከሞቀ ይጎብጣል፣ ከዛ በኋላ ወጪው ሌላ ነው።

ሰፈር ያለው መካኒክ፣ ጋሼ ነው ምለው፣ አባባንም መኪናዋንም ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። ጠጋ ብሎ አየና "ቴርሞስታት'ኮ የላትም፣ ድሮ ነው የወጣው" አለኝ። ማን እንዳወጣው አያስታውስም። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ሚይዝ፣ ሲሞቅ ሚከፈት ትንሽ በር ነው። እዚህ አገር አሮጌ መኪና ሞቀ ሲባል መጀመሪያ ሚደረገው ይሄ ነው፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ ከዛ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ መሄድ። እኔ ይሄን ማስታወሻ ምጽፈው በተለይ ለዚ ነው፣ ስንት ሞተር ነው በዚ መንገድ የሚበላሸው፣ እና ደሞ አሁን መኪና መቀየር እንደድሮው አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን ሰማይ ሰቀለው፣ 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ሲባል ደሞ ዕቃው ሁሉ ጨመረ። ያለችንን ይዘን ነው ምንሄደው፣ በደንብ ልንይዛት ይገባል።

እሁድ ማታ፣ ሥራ የለም ስሌት ብቻ

ይሄኛው ለኔ ዋናው ነው፣ ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው ሚፈላው። ሽሮ ለሚሠራ ሰው ይሄ ብዙ ለውጥ የለውም፣ ለሞተር ግን ሁሉ ነገር ነው። ምክንያቱም በኔ መኪና የፋኑ (ራዲያተሩን ሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ) ስዊች ፋኑን የሚያስነሳው ወደ 93 ዲግሪ ላይ ነው። አሁን አስቡት፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ፈልቶ አልቋል ማለት ነው! መጨናነቅ ውስጥ ምትንተከተከው ለዚ ነው። ራዲያተሩ ተደፍኖም ላይሆን ይችላል፣ ፓምፑ ሞቶም ላይሆን ይችላል፣ ያቺ ትንሽ ክዳን ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ክዳኑ ላይ 0.9 ሚል ቁጥር አለ፣ የግፊት መጠን ነው፣ በባር ገደማ። ሲስተሙን ከውጪው አየር በላይ ያን ያህል ግፊት ይዞ ያቆያል ማለት ነው። በዛ ግፊት እዚህ አዲስ አበባ ላይ ንጹህ ውሃ እንኳን 114 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይፈላም። ከ92 ወደ 114! ሃያ ምናምን ዲግሪ ከአንድ ክዳን። ኩላንት፣ ከራዲያተር ውሃ ጋር ሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ ሲጨመርበት ደሞ ከዛም በላይ ይሄዳል። ባህር ጠለል አካባቢ ያለ ሰው ክዳኑ ቢደክምበት ቢያንስ እስከ 100 ይይዝለታል፣ እኛ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ግን ያ ትርፍ የለንም። ለዛ ነው እዚህ ከተማ ውስጥ መኪናዬ ሞቀ ሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክዳንህን አሳየኝ ምለው።

ቴርሞስታቱስ? መውጣቱ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ሞተሩ ሙቀቱን አያገኝም። ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ላይ ቅዝቃዜውን ታውቁታላችሁ፣ ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተር በኩል ስለሚዞር ሞተሩ ረጅም ሰዓት ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ደሞ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱ ቶሎ አይሞቅም፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ይበላሉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የቶዮታ 4ኤ ቴርሞስታት ከኋላው ሌላ ትንሽ ሰሃን አለችው፣ ዋናው በር ሲከፈት እሷ ደሞ ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ተመልሶ ሚዞረውን የውሃ መንገድ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ያ አቋራጭ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስለዚ የተወሰነው ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ትኩስ እንደሆነ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ተብሎ የወጣው ነገር መጨናነቅ ውስጥ ጭራሽ እንዲሞቅ ያግዘዋል።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ሶማሌ ተራ

ዕቃ ፍለጋ። ቴርሞስታት፣ ክዳን፣ ላይኛውና ታችኛው ጎማ፣ ውሃ ፓምፕ ከነጓርኒሲዮኑ፣ የዲናሞ ቺንጊያ፣ ኩላንት። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ ጽፌው ነገ ይቀየራል፣ ሱቅና ሱቅ መሃል ራሱ ልዩነቱ ሰፊ ነበር፣ ስለዚ ዞር ዞር ማለት ያዋጣል።

ክዳን ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። አንዱ ሱቅ 1.1 ሚል ሰጥቶኝ "ይሄ ይበልጣል" አለኝ፣ አልወሰድኩም። እንደዚ ዕድሜ ባለው ሲስተም ላይ ከተሠራለት ግፊት በላይ መጫን ደካማውን ቦታ ፈልጎ ማፈንዳት ነው፣ ወይ ጎማ ወይ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ጫፍ ወይ የሂተሩ ራዲያተር። 0.9 ነው የወጣላት 0.9 ነው ሚገባላት። ላስቲኩን በጣት ደባብሱት፣ ለስላሳ መሆን አለበት፣ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽዬ ቫልቭ ደሞ በጥፍር ሳብ ስታደርጓት ወጥታ መመለስ አለባት፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ መያዣው ውሃ መልሳ ምታስገባው እሷ ናት።

ኩላንት ላይ ደሞ ጠንቀቅ። ባለቀለም ውሃ ኩላንት ተብሎ ይሸጣል። እኔ ኤትሊን ግላይኮል መጠኑ ላዩ ላይ የተጻፈበትን ኮንሰንትሬት ወሰድኩ፣ ግማሽ በግማሽ እቀላቅለዋለሁ። መቀላቀያው የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ነዳጅ ማደያ ሚሸጠው የባትሪ ውሃ ነው፣ ዲስቲልድ የሆነው ማለቴ ነው፣ አሲዱን እንዳታነሱ አደራ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ

ከመግጠሜ በፊት አዲሱን ቴርሞስታት ፈተንኩት። ድስት ውስጥ ውሃ፣ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ፣ የምግብ ቴርሞሜትር አብሮ። ላዩ ላይ 82 ተጽፎበታል፣ በኔ ቴርሞሜትር 83 ሲል መከፈት ጀመረ። ጥሩ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ የፋብሪካው መመሪያ 95 ዲግሪ ላይ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት አለበት ይላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ክፍት ድስት 95 አይደርስም፣ 92 ላይ ይፈላና እዛው ይቆማል። ስለዚ ሙሉ በሙሉ ስላልተከፈተ ብቻ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ በ82 አካባቢ መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ ግጥም ብሎ መዘጋቱን ነው ማየት ያለባችሁ።

ከዛ ውሃውን አወረድኩ። ራዲያተሩ ስር ባለው መክፈቻ ጀመርኩ፣ ብሎኩም የራሱ ማፍሰሻ ቡሎን አለው፣ እሱ ካልተከፈተ ግማሹ ቆሻሻ እዛው ይቀራል። የወጣው ነገር ቀይ አፈር ነው ሚመስለው። ቴርሞስታት ስለሌላት ለማጠብ ቀላል ነበር፣ ንጹህ ውሃ ሞልቼ ሂተሩን ሙሉ ሙቅ ላይ አድርጌ አስነሳኋት፣ ሲሞቅ አጠፋሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ አፈሰስኩ፣ እንደገና። ታናሽ ወንድሜ ባልዲ እያመላለሰ ሙሉ ጠዋቱን አብሮኝ ዋለ። ጠቆር ያለው ወጥቶ ጠራ ያለ እስኪመጣ ድረስ ነው የደጋገምነው። ኬሚካል አላስገባሁም፣ እንደዚ ዝገት የያዘ አሮጌ ሲስተም ላይ ጠንከር ያለ ነገር ከገባ የተላቀቀው ቅርፊት ሄዶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦ ይደፍናል፣ ቀስ ብሎ ማጠብ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ራዲያተሩን ለብቻ አውጥቼ በጎማ ውሃ ከታች ወደ ላይ ለቀቅኩበት፣ በነጻ ያልፋል። ክንፎቹ መሃል ግን አቧራና የሞተ ነፍሳት ሞልቷል፣ በለስላሳ ብሩሽና ቀስ ባለ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ አጠብኩት። ይሄ ምንም ብር አያስወጣም፣ የኮንስትራክሽን አቧራ ባለበት ከተማ ደሞ ልዩነቱ ይታያል።

በማግስቱ፣ ፓምፑ

ጋሼ መጥቶ አብረን ሠራነው። የ4ኤ ጥሩነቱ ውሃ ፓምፑ የሚዞረው ዲናሞውን በሚያዞረው የውጪ ቺንጊያ ነው፣ ታይሚንግ ቺንጊያውን (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር ሚያስማማውን የውስጥ ቺንጊያ) ማውለቅ አያስፈልግም፣ የላይኛዎቹን የታይሚንግ ሽፋኖች ማንሳት ብቻ ነው። ቺንጊያውን ማላላት፣ ፑሊውን ማውረድ፣ ከኋላ ያለውን የውሃ ቱቦ ማላቀቅ፣ ከዛ ቡሎኖቹ። አንዷ ቡሎን ዝገት ይዟት አልላቀቅ ብላ ብዙ አታገለችን፣ ጋሼ ዝገት ማስለቀቂያ ነፍቶ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ተዋት፣ ከዛ በመዶሻ እጀታ ቀስ ቀስ እያደረገ አናቷን መታ መታ አደረጋትና ቁልፉን ወደ ማጥበቅ በኩል ትንሽ ካስነቃ በኋላ ፈታት። ይሄን ትዕግስት ነው ከሱ ምማረው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይሰብራት ነበር።

የወጣው ፓምፕ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ይላወሳል፣ ከስሩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ዙሪያውን ዝገት ሠርቷል። ያቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፣ የውስጡ ሲል (የውሃ ማሸጊያው) ሲደክም ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ከመግባት በሷ እንዲወጣ ነው፣ እና ከሷ እርጥበት ካያችሁ ፓምፑ እየነገራችሁ ነው። በሲሊኮን ሚደፍናት ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በደንብ ፍቀን፣ ብሎኩን ሳንጭር፣ አዲሱን ገጠምን።

ቴርሞስታቱ ሲገባ ትንሿ ምትንቀሳቀሰው ፒን ያለችበት ቀዳዳ ወደ ላይ መሆን አለባት፣ አየሩ በሷ ነው ሚወጣው። ዙሪያውን ያለው ላስቲክ ከራሱ ጋር አብሮ ይሸጣል፣ አሮጌውን አትመልሱ።

ጋሼ ሲገጠም እያየ "እኛ ስንማር አውጡ ነው የተባልነው" አለኝ። ያኔ ኦሪጅናል ቴርሞስታት ሚገኝበት ጊዜ አልነበረም፣ ተዘግቶ ሚቀር አንድ የደከመ ቴርሞስታት ሞተር ያቃጥላል፣ ስለዚ ማውጣቱ ለዛ ጊዜ ምክንያት ነበረው። ይሄን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። አሁን ግን ዕቃው ገበያ ላይ አለ፣ በድስት ውሃ መፈተን ይቻላል፣ ምክንያቱ ቀርቷል።

ሳምንት ቆይቶ፣ ፋኑና መሙላቱ

የፋኑ ስዊች። የዚ ዘመን ኮሮላ ላይ ስዊቹ ሲቀዘቅዝ የተዘጋ ሲሞቅ ሚከፈት ነው፣ ማለትም ሽቦው ቢበጠስ እንኳን ፋኑ ይሠራል እንጂ አይቆምም፣ ለሞተሩ ደህንነት ታስቦ ነው የተሠራው። ለመፈተን ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ የስዊቹን ሶኬት መንቀል ነው፣ ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። የኔ ተነሳ። ካልተነሳ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ከዛ የፋኑን ሞተር እዩ። አንዳንዱ ጋራዥ ፋኑን በቀጥታ ከቁልፍ ጋር ያገናኘዋል ሁልጊዜ እንዲዞር፣ ያ ደሞ ከወጣው ቴርሞስታት ጋር ሲደመር መኪናዋ መቼም ሙቀቷን አታገኝም።

አሞላል፦ ሂተሩ ሙሉ ሙቅ ላይ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ዘንበል ባለ ቦታ፣ ክዳኑ ክፍት፣ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ ላይኛውን ጎማ በእጅ እየጨመቁ አየሩን ማስወጣት። ከ5 ሊትር ተኩል በላይ ነው ሚይዘው፣ ከዛ በጣም አንሶ ሞላ ካለ ውስጥ አየር አለ። አስነስቼ አየሩ እስኪያልቅ እየጨመርኩ ጠበቅኩ፣ ዘጋሁ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ታችኛው ጎማ በድንገት ሲሞቅ በእጄ ተሰማኝ፣ ፋኑ ተነሳ፣ ቆየ፣ ቆመ። ይሄን ዑደት ደጋግሞ ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳን አይከፈትም፣ በጨርቅ ይዞም ቢሆን፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ከ92 በላይ የነበረው ውሃ ባንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ነው ሚመጣው። ሌላው፣ ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደሞ ጣፋጭ ነው። ግቢ ውስጥ ህጻንም ውሻም አለ፣ የፈሰሰውን ወዲያው በብዙ ውሃ አጠብኩ፣ የተረፈውን ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥኩ።

ትንሽ ማሻሻያ

የመኪናዋ ጌጅ መሃል ላይ ሰፊ ቦታ ይዞ ዝም ይላል፣ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ላይኛው ጎማ መሃል ሚገባ ብረት መገጣጠሚያ ከነሴንሰሩና ዲጂታል ጌጅ ገዛሁ፣ ርካሽ ነገር ነው። ሽቦውን ከሬዲዮ ፊውዝ ወሰድኩ፣ ለሴንሰሩ መሬት ደሞ ከብረቱ መገጣጠሚያ ወደ ቦዲ ለብቻው ገመድ ያስፈልገዋል፣ ጎማ መሃል ስለሆነ ራሱ አያገኝም። በ105 ላይ ድምጽ እንዲያሰማ አደረግኩት። ለአሮጌ መኪና ስፖይለርና ትልቅ ቸርኬ ከመግዛት በፊት ይሄን ግዙ እላለሁ፣ ከልቤ ነው።

ህዳር፣ እንጦጦ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም፣ አራት ሰው ጭኜ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ከፊቴ ቀስ ብሎ ሚወጣ የጭነት መኪና። ቀለበት መንገድ ላይ ቁጥሩ 86 እና 88 መሃል ነበር ሚውለው። ዳገቱ ላይ 93፣ 96፣ ከዛ ፋኑ ተነሳ፣ አንድ ቦታ ላይ 100 ሞላ። 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ እዛ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 90 ላይ ነው ሚፈላው። አልፈላም! ላይ ደርሰን አቆምኩ፣ ትርፍ መያዣው ጸጥ ያለ ነው፣ አንድም ጠብታ አልወጣም። አባባ ከፊት ተቀምጦ ነበር፣ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱ አየ፣ ከዛ "ይቺ መኪና እንደዚ ሆና አታውቅም" አለ። እውነቱን ነው።

ህዳር መጨረሻ፣ አዳማ ደርሶ መልስ

በፍጥነት መንገዱ 100 እና 110 እየነዳሁ 87 ላይ ቆመች። አዳማ ከሰዓት ሙቀት ውስጥ ከተማ ስገባ 97 ደርሳ ፋኑ መልሷታል። ስመለስ ዳገቱ ላይ ብዙም አልጨመረችም። ጠዋት ጠዋት ደሞ ሂተሩ ሰፈር ሳልወጣ ሞቅ ያለ አየር ይሰጣል፣ እናቴ ያስተዋለችው መጀመሪያ እሱን ነው። ቤንዚኑ መቀነሱ ይሰማኛል፣ ቁጥሩን ግን ሙሉ ታንክ በሙሉ ታንክ እየመዘገብኩ ስለሆነ ሲጠራ እጽፈዋለሁ።

ኩላንቱ በትርፍ መያዣው ላይ ያደረግኩት ምልክት ጋ ነው ያለው። ሃይላንዱ አሁንም መኪና ውስጥ አለ፣ ለመጠጥ።

ቀጣይ፦ የሂተር ትንንሽ ጎማዎች፣ እነሱም የፋብሪካ ናቸው፣ ሳይፈነዱ ይቀየራሉ። ከዛ ታይሚንግ ቺንጊያው፣ መቼ እንደተቀየረ አባባም ጋሼም አያስታውሱም፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው ሚባለው፣ ስለዚ ታህሳስ ላይ እሱን እንከፍታለን፣ ጋሼ ዕቃውን ከነኩሽኔታው አብረህ ግዛ ብሎኛል።